የቤት ኤሲን ሙቀቱ ሳይገባ ማጽዳትና መንከባከብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ኤሲው አይቀዘቅዝም፤ ጋዙ ሳያልቅ አይቀርም።» ድሬዳዋ ውስጥ ግንቦት ሲገባ ከሚደርሱኝ የስልክ ጥሪዎች ብዙዎቹ የሚጀምሩት በዚህ ነው። መሰላል ዘርግቼ ሽፋኑን ስከፍት ግን ብዙውን ጊዜ ያለቀ ነገር አላገኝም፤ የማገኘው የታፈነ ነገር ነው። ማጣሪያው አቧራ ለብሶ አየር ማሳለፍ አቅቶታል። ባለቤቱ ለጋዝ ብሎ ያዘጋጀው ገንዘብ በአንድ ባልዲ ውሃና በግማሽ ሰዓት ሥራ ኪሱ ውስጥ ይቀር ነበር። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ከዚህ በታች ያሉት ደንበኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ የሚመለከቱት በየቤታችን ያለውን፣ አንዱ አካሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሌላው ውጭ የሚቀመጠውን ኤሲ ነው።

«ከበጋ በፊት አጽዱ» ይባላል። ለእኛ ይህ መቼ ነው?

ከኤሲው ጋር የሚመጣው መመሪያ የተጻፈው በጋቸው ሙቀት፣ ክረምታቸው ብርድ ለሆነ አገሮች ነው። የእኛ በጋ ደረቁ ወቅት ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ድሬዳዋም ላይ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ የሚበረታበት ወር ደግሞ እንደየአካባቢው ይለያያል። ድሬዳዋ ላይ ግንቦትና ሰኔ ዋነኞቹ ናቸው፤ አዲስ አበባ ሰኔ ላይ ጃንጥላና ሹራብ ሲያወጣ እዚህ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ያልፋል። ስለዚህ የድሬ ሰው ጽዳቱን መጋቢት ውስጥ፣ ቢዘገይ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ መጨረስ አለበት። ጋምቤላ የካቲትና መጋቢት ላይ ስለሚግል እዚያ ጥር ሳይወጣ መሥራት ይሻላል። መተማና ሁመራ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይነዳሉ፤ የካቲት መልካም ወር ነው። ሰመራ ሰኔ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ኩዌት ላላችሁ ወገኖች ደግሞ መጋቢት አይለፋችሁ።

ከሙቀቱ አንድ ወር ቀድሞ መሥራት ሌላም ጥቅም አለው። ብልሽት ቢገኝ ባለሙያ በቀላሉ ይገኛል፤ ግንቦት ላይ ግን ወረፋ ነው፤ በጥድፊያ የተሠራ ሥራም ይበላሻል።

ባለሙያ ሳልጠራ በራሴ ምን ያህሉን መሥራት እችላለሁ?

ከሚያስቡት በላይ። ማጣሪያውን ማጠብ፣ ሽፋኑንና የአየር መውጫውን መወልወል፣ የውሃ ቱቦውን መፈተሽ፣ የውጭው አካል መሬት ላይ ወይም ሰፊ በረንዳ ላይ ከሆነ ዙሪያውን ማጽዳት የማንም እጅ ሥራ ነው። ካቻቢቴ እንኳን አያስፈልገውም።

የማይነኩት ሦስት ነገር ነው፦ የጋዝ ቧንቧው፣ የኤሌክትሪክ ሳጥኑና ከፍታ ላይ የተሰቀለ የውጭ አካል። በተለይ የውጭው አካል ውስጥ ካፓሲተር የሚባል ትንሽ ቆርቆሮ መሳይ ዕቃ አለ። መብራት ከተቋረጠ በኋላም ኃይል ይዞ ስለሚቆይ ክፉኛ ይመታል።

ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት በሪሞት ማጥፋት አይበቃም። ሶኬቱን ይንቀሉ፤ በቀጥታ የተገጠመ ከሆነም የኤሲውን ብሬከር ያውርዱ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ «እንዳትመልሱት» ብለው ይንገሩ።

ማጣሪያውን እንዴት ነው የማጥበው?

መጀመሪያ ከኤሲው ሥር ያለውን አልጋ ወይም ሶፋ በላስቲክ ወይም በአሮጌ አንሶላ ይሸፍኑ። ከዚያ የፊት ሽፋኑን በሁለት ጎኑ ይዘው ወደ ላይ ሲያነሡት ራሱን ችሎ ይቆማል። ከሥሩ የመረብ ማጣሪያዎች ይታያሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው። ብዙዎቻችን ፊልትሮ የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ከታች ያለችውን ጆሮ ይዘው ትንሽ ወደ ላይ ገፋ ያድርጉና ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ ይወጣል።

ባለፈው ዓመት ሳቢያን አካባቢ ከአንድ ቤት ያወጣሁትን ማጣሪያ አልረሳውም። መረቡ አይታይም ነበር። ላዩ ላይ ግራጫ ጥጥ የተነጠፈ ይመስላል፤ በጣቴ ጫፍ ይዤ ሳነሣው እንደ ብርድ ልብስ ተያይዞ ተነሣ። ከሥሩ ቢጫ የሆነ የሚያጣብቅ ነገር ቀረ። የቤቱ እናት አዝነው «እኔ እኮ ቤቴን በየቀኑ ነው የምጠርገው፣ ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ወለሉ ያብረቀርቃል። ኤሲ ግን የክፍሉን አየር ደጋግሞ ይውጣል። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ነፋስ ሲያነሣው የሚገባውን ብናኝ፣ የልብስና የምንጣፍ ጭረት፣ የሰው ፀጉር ሁሉ የሚይዘው ያ መረብ ነው። ቢጫው ደግሞ ከቡና ሥርዓቱ የመጣ ነው። ዕጣን ሲጨስ፣ ቡና ሲቆላና ቁሌት ሲቁላላ የሚወጣው ቅባታማ ጭስ መረቡ ላይ ያርፋል፤ አቧራውም እዚያ ይጣበቃል። ስለዚህ የእኛ ቤት ማጣሪያ በውሃ ብቻ አይለቅም፤ ሳሙና ይፈልጋል።

አጠባጠቡ ይህ ነው። ደረቁን አቧራ ውጭ ወስደው በቀስታ ያራግፉ። ከዚያ ውሃውን በጀርባው በኩል፣ ማለትም አቧራ በሌለበት ፊት ይልቀቁበት። በአቧራው በኩል ከለቀቁት ቆሻሻውን መረቡ ዓይን ውስጥ ያሽጉታል። ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ላርጎ ወይም ሌላ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ለአሥር ደቂቃ ይዘፍዝፉት፤ ከዚያ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይሹት። ፈልቶ የወረደ ውሃ አይጠቀሙ፤ ከ40 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ እንደ አተላ ይደፈርሳል፤ ጥርት እስኪል ያለቅልቁት።

ማድረቂያው ጥላ ነው። የድሬን ፀሐይ አምነው ቆርቆሮ ላይ ያሰጡ ሰዎች አሉ፤ ማጣሪያው ተቆልምሞ ወደ ቦታው አልገባ ብሏቸዋል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅም አይመልሱት፤ እርጥብ ማጣሪያ ሻጋታ ይጠራል። እስኪደርቅ ድረስ ኤሲውን ያለ ማጣሪያ ማስነሣትም አይገባም። ለአንድ ሰዓት ብለው የሚያስነሡት ኤሲ አቧራውን በቀጥታ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ እዚያ የገባውን ደግሞ እርስዎ በእጅዎ አያወጡትም።

ከዋናው መረብ ጋር ጥቁር ወይም አረንጓዴ ትናንሽ ማጣሪያዎች ተሰክተው ካገኙ አብዛኞቹ የሚታጠቡ አይደሉም። አቧራቸውን አራግፈው ይመልሱ፤ ካረጁ ይቀየራሉ።

በየስንት ጊዜው ልጠበው?

በሙቀቱ ወራት በየሁለት ሳምንቱ። ቤትዎ አስፋልት ያልገባበት መንገድ ዳር ወይም ግንባታ አጠገብ ከሆነ በየሳምንቱ ይክፈቱና ይዩት። ኤሲው አልፎ አልፎ ብቻ የሚሠራ ከሆነ በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው የተደፈነ ማጣሪያን በንጹሕ መተካት የኤሲውን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ከ5 እስከ 15 በመቶ ይቀንሳል። ለአንድ ባልዲ ውሃ ይህ ትልቅ ትርፍ ነው።

ከማጣሪያው ኋላ የሚታየውን ስስ አሉሚኒየምስ?

እሱ ቅዝቃዜው የሚፈጠርበት ራዲያተር ነው፤ አየሩ በእነዚያ ቀጫጭን ክንፎች መካከል ሲያልፍ ነው የሚቀዘቅዘው። ክንፎቹ እንደ ወረቀት ስለሚታጠፉ ጠርዛቸውም እጅ ስለሚቆርጥ በጨርቅ አይፈትጓቸው። ላዩ ላይ ቀጭን አቧራ ብቻ ካለ ለስላሳና ደረቅ የቀለም ብሩሽ ይዘው ከላይ ወደ ታች፣ ክንፎቹን ተከትለው ይጥረጉ። አግድም መጥረግ ክንፎቹን ያስተኛቸዋል። በክንፎቹ መካከል የገባ ጥቁር ቆሻሻ ከታየዎት ግን ማቆም ያስፈልጋል። ይህን ባለሙያ ላስቲክ ከሥሩ ወጥሮ፣ የኤሌክትሪክ ክፍሉን ሸፍኖ በውሃና በማጽጃ ያጥበዋል። በዓመት አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ እጥበት ለድሬ ኤሲ አይበዛበትም።

ሲከፈት መጥፎ ሽታ ያመጣል። ምንድን ነው?

የታፈነ እርጥብ ልብስ ዓይነት ሽታ ከሆነ ሻጋታ ነው። ኤሲ ሲያቀዘቅዝ ውሃ ያወጣል፤ ሲጠፋ እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል፤ አቧራ ደግሞ ለሻጋታ ምግቡ ነው። ከአየር መውጫው በባትሪ ወደ ውስጥ ቢያበሩ እንደ ጠባብ በርሜል የሚሽከረከረውን ማራገቢያ ያያሉ፤ ክንፎቹ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው። እሱን ማጠብ የባለሙያ ሥራ ነው። ዳግም እንዳይመጣ ግን መድኃኒቱ በእጅዎ ነው፦ ኤሲውን ከማጥፋትዎ በፊት ማቀዝቀዙን አቁመው ማራገቢያው ብቻ ለግማሽ ሰዓት እንዲሠራ ያድርጉ፤ ውስጡ ይደርቃል።

ሽቶ ወደ ውስጥ አይርጩ፤ አቧራውን ያጣብቀዋል እንጂ ሽታውን አያጠፋም። በረኪናም አሉሚኒየሙን ይበላል። በረኪናና አቼቶ ደባልቀው የሚጠቀሙ ሰዎች ገጥመውኛል። ይህን በፍጹም አያድርጉ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ሳንባ የሚጎዳ መርዘኛ ጋዝ ነው፤ በተዘጋ መኝታ ቤት ውስጥ ለሕይወት ያሰጋል።

ሽታው የተቃጠለ ፕላስቲክ ወይም ሽቦ ከሆነ ጽዳት አይደለም ጉዳዩ። ብሬከሩን አውርደው ባለሙያ ይጥሩ።

ኤሲው ቤት ውስጥ ውሃ ያንጠባጥባል።

አብዛኛውን ጊዜ የውሃ ማስወገጃው ቱቦ ተደፍኗል። በአቧራና በእርጥበት የሚፈጠር አረንጓዴ ወይም ቡናማ ዝቃጭ ቱቦውን ይዘጋዋል፤ መውጫ ያጣው ውሃ መቀበያውን ሞልቶ በግድግዳው ይወርዳል። ውጭ ሄደው የቱቦውን ጫፍ ይዩ። ኤሲው ሠርቶ ከቆየ በኋላ ምንም የማይንጠባጠብ ከሆነ ታፍኗል ማለት ነው፤ የቱቦውን ጫፍ ጨምቀው ቢለቁ ወይም ባለሙያ በአየር ቢነፋው ይከፈታል።

አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ውሃው እንዳይባክን ብለው የቱቦውን ጫፍ ጀሪካን ውስጥ ይከቱታል። ጀሪካኑ ሲሞላ የቱቦው ጫፍ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል፤ ያኔ ውሃው በደንብ መውረድ ያቅተዋል። ጫፉ ከውሃው በላይ መንጠልጠል አለበት።

ቱቦው ደኅና ሆኖ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ራዲያተሩ በረዶ ይዞ እንደሆነ ይመልከቱ። በረዶ ከያዘ ኤሲውን አጥፍተው እስኪቀልጥ ይጠብቁ፤ በቢላዋ አይፈንቅሉት። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያው ማጣሪያው ነው፤ ንጹሕ ከሆነ ጋዝ መጉደሉ ይጠረጠራል።

የውጭውን አካል እንዴት ላጽዳ?

የውጭው አካል ሥራው ከቤትዎ የተወሰደውን ሙቀት መጣል ነው። ሙቀቱን የሚጥልበት አየር ካጣ የቤቱን ማቀዝቀዝ ይተዋል፤ ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር፣ ኮምፕሬሰሩም፣ ይግላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዙሪያውን ይልቀቁለት፦ ካርቶን፣ አሮጌ ወንበር፣ የተሰጣ ልብስ፣ የወፍ ጎጆ። ከኋላው ቢያንስ አንድ ስንዝር፣ ከፊቱ ከአንድ ሜትር ያላነሰ ክፍት ቦታ ይኑረው። ከፀሐይ ለመከለል ዙሪያውን በቆርቆሮ የሚያጥሩለት ሰዎች ደግ አስበው ያፍኑታል። ከላይ ጥላ መልካም ነው፤ ጎንና ፊቱ ግን ይከፈት።

ለማጠብ ብሬከሩን አውርደው፣ በማለዳ አካሉ ቀዝቅዞ ሳለ፣ በውሃ ጎማ በቀስታ ከላይ ወደ ታች ያፍስሱበት። የላቫጆ ቤት የግፊት ፓምፕ አይነካውም፤ ክንፎቹን አጣጥፎ አየር የማያሳልፍ ግድግዳ ያደርጋቸዋል። ውሃው ወደ ኤሌክትሪክ ሳጥኑ እንዳይዞር ይጠንቀቁ። ከመመለስዎ በፊት በደንብ ይድረቅ።

ስለ ድሬ ውሃ ልንገርዎት። ማንቆርቆሪያዎ ሥር የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቁታል፤ ኖራ ነው። ኤሲውን ለማገዝ ብለው ቀን ቀን በጠራራ ፀሐይ የውጭውን አካል ውሃ የሚያጠጡ አሉ። ለዚያች ሰዓት በእርግጥ ይረዳል። ውሃው በተነነ ቁጥር ግን ኖራው ክንፎቹ ላይ ይቀራል፤ ሁለት ሦስት ወቅት ሲያልፍ ራዲያተሩ ነጭ ቅርፊት ይለብስና ሙቀት መጣል ያቅተዋል። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አጥቦ ማድረቅ ሌላ ነው፤ በየቀኑ ማርጠብ ሌላ ነው።

በየዓመቱ ጋዝ መሞላት አለበት ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ከሁሉም ጥያቄዎች ይህን አጥብቄ ልመልስ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም፤ እንደ ዘይት አያረጅም። በተዘጋ የመዳብ ቧንቧ ውስጥ እየዞረ፣ እየተነነና ተመልሶ ፈሳሽ እየሆነ ሙቀት ከውስጥ ወደ ውጭ ይሸከማል። ቤትዎ ያለውን ፍሪጅ ያስቡ፤ አሥር ዓመት ሲሠራ በየዓመቱ ጋዝ የሞላለት ማን ነው? ኤሲም በዚያው ሕግ ይሠራል። ጋዙ ከጎደለ የሚያመልጥበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይደፈን የሚሞላ ጋዝ በተቀደደ ባልዲ ውሃ እንደ መቅዳት ነው፤ ወር ወይም ሁለት ወር ቆይቶ ያንኑ ሂሳብ ዳግም ይከፍላሉ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። መጀመሪያ ማጣሪያውን ይጠቡ፤ የውጭውን አካል ያጽዱ። ከዚያ በሩንና መስኮቱን ዘግተው ኤሲውን ለሩብ ሰዓት ያሠሩት። በተራ ቴርሞሜትር ከላይ የሚገባውን አየር፣ ከታችም የሚወጣውን ይለኩ። የሚወጣው ከሚገባው ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ካለ ኤሲዎ ጤነኛ ነው፤ ማንም ቢልዎ ለጋዝ አይክፈሉ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ባለሙያ ይጥሩ።

ባለሙያው ሲመጣ እነዚህን ይጠብቁ። የሚያመልጥበትን ቦታ ይፈልጋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቧንቧዎቹ ከአካሉ ጋር በሚጋጠሙበት ብሎን ላይ ነው፤ የሳሙና ውሃ ሲቀባ ቦታው ላይ አረፋ ይነሣል። ያጠብቃል ወይም ይበይዳል። ቧንቧው ከተከፈተ በቫኪዩም ፓምፕ አየርና እርጥበቱን ይስባል። ከዚያ የውጭው አካል ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ያለውን የጋዝ ዓይነትና የግራም መጠን አይቶ በሚዛን ይሞላል። ሚዛንም መለኪያም ሳይይዝ ጣሳ ብቻ አንጠልጥሎ የመጣ ሰው ግምት ነው የሚሸጥልዎ።

ዓይነቱን መለየት ቀልድ አይደለም። በአሮጌዎቹ ውስጥ አር 22 አለ፤ ይህ ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ሥር ከገበያ እየወጣ ያለ ነው። ከዚያ የመጣው አር 410 ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ግፊቱ ግን የአር 22ን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ስለሆነ የአንዱን በሌላው ማሽን መሙላት አደገኛ ነው። በአዲሶቹ ላይ የሚታየው አር 32 ደግሞ በመጠኑ የሚቀጣጠል ስለሆነ ጋዙ ሳይወጣ አጠገቡ ሲጋራም መበየጃም አይቀርብም። አር 410 ኤ አየር ውስጥ ሲለቀቅ ከተመሳሳይ ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 2,000 እጥፍ የሚበልጥ ምድርን የማሞቅ ኃይል አለው። እኛን የሚያቀዘቅዘን ነገር ደጃችንን የሚያግል ሆኖ እንዳይቀር፣ ቀዳዳው ይደፈን የምለው ለኪስዎ ብቻ ብዬ አይደለም።

መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፤ ኤሲዬን ምን ላድርግለት?

መብራት ሲጠፋ ኤሲውን በሪሞት ሳይሆን ከብሬከሩ ያጥፉት። ሲመጣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል አምስት ደቂቃ ታግሰው ይመልሱ። ኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይረጋ ወዲያው መነሣት ለሞተሩ ሸክም ነው፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ኤሲዎች ራሳቸው ይዘገያሉ፤ አሮጌዎቹ ግን አይዘገዩም።

ኤሲን ዲቫይደር ላይ አይሰኩ። 12,000 ቢቲዩ (ቢቲዩ የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) የሚባለው የተለመደው ኤሲ ከአንድ ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ቴሌቪዥንና ቻርጀር የተደረደረበት ዲቫይደር ይህን ለሰዓታት አይችልም። ከቆጣሪ ሳጥኑ ለብቻው የወጣ፣ ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ገመድና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ ከዚያ ለሚበልጥ ኤሲ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር። ኤሲው ሠርቶ ሳለ የሶኬቱን ፊት በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱ። ከሞቀ ግንኙነቱ ላልቷል፤ ኤሲውን አጥፍተው የኤሌክትሪክ ባለሙያ እስኪያየው አይመልሱት። የቮልቴጅ መዋዠቅ ባለበት ሰፈር ስታብላይዘር ይጠቅማል፤ የፍሪጅ ስታብላይዘር ግን አይችለውም፤ በኤሲው ልክ የሆነ ይግዙ።

ስንት ዲግሪ ላይ ላድርገው?

ከ24 እስከ 26። 16 ላይ ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፤ ተራ ኤሲ 16 ላይም 24 ላይም የሚያወጣው ቅዝቃዜ ያው ነው፤ 16 ላይ የሚያቆምበት ጊዜ ስለማያገኝ ግን ሲነዳ ይውላል። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የክፍል ኤሲዎች ሲሠሩ 24 ዲግሪ ላይ ተስተካክለው እንዲመጡ ደንግጋለች። የአገራችን የኤሌክትሪክ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎ ዋት ሰዓቱ ዋጋ የሚጨምርበት ነው፤ ስለዚህ ያለ ማቋረጥ የሚሠራ ኤሲ ቤቱን በሙሉ ወደ ከፍተኛው እርከን ይገፋዋል። ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት መጋረጃውን በምዕራብ በኩል መዝጋት፣ ማታ ደግሞ ኤሲውን 26 ላይ አድርጎ ቬንትሌተር ማገዝ ብዙ ይቆጥባል።

ኤሲ ብርድ ያስመታል? ልጆች ባሉበት ክፍል ይከፈት?

እናቶች ይህን ሲጠይቁኝ አላቃልለውም፤ የሚፈሩት ከምክንያት ጋር ነው። የኤሲ አየር ደረቅ ነው። በቀጥታ ፊት ላይ ሲነፍስ ሲያድር አፍንጫና ጉሮሮ ይደርቃል፤ አንገትና ትከሻ ይያዛል። የቆሸሸ ኤሲ ደግሞ አቧራና ሻጋታ ስለሚበትን አስም ወይም አለርጂ ያለበትን ልጅ ያስነጥሳል፤ ያስላል። ሁለቱም መፍትሔ አላቸው። የአየር መውጫውን ክንፍ ወደ ጣሪያው ያዙሩት፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ በራሱ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አልጋውን ከኤሲው ትይዩ ያርቁ። ሕፃን ላለበት ክፍል 26 ይበቃል። በቀን አንድ ሁለት ጊዜ መስኮት ይክፈቱ፤ ይህ ዓይነቱ ኤሲ ከውጭ አየር አያስገባም፤ ያንኑ የክፍሉን አየር ነው የሚያዞረው።

በዓረብ አገር በሰው ቤት የምሠራ ነኝ። ኤሲውን እንዳጸዳ ታዘዝሁ።

እህቴ፣ የውስጡን ማጣሪያ ማጠብ ከላይ በጻፍሁት መንገድ ማንም የሚችለው ነው፤ ጠንካራ መሰላል ይኑርሽ፤ ብሬከሩም ይውረድ። የውጭው አካል ግን በመስኮት ወጥቶ ወይም በበረንዳ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጸዳ ከሆነ አትውጪ። ያ ቀበቶ ያለው፣ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። «ይህ የቴክኒሺያን ሥራ ነው፤ ደግሞም ዋስትናውን ያበላሻል» ብለሽ በትሕትና ንገሪ። ቢቆጡሽም ከፎቅ ላይ አትውጪ። በረኪናና ሌላ ኬሚካልም ቀላቅለሽ አትጠቀሚ፤ ተጠቅመሽ ሳል ከያዘሽ ክፍሉን ለቅቀሽ ንጹሕ አየር ወዳለበት ውጪ።

ከኤሲው የሚወርደው ውሃ ለምን ይሆናል?

በክፍሉ አየር ውስጥ የነበረ፣ ቀዝቅዞ ውሃ የሆነ እርጥበት ነው፤ ስለዚህ ኖራ የለበትም። አይጠጣም፤ ምግብም አይሠራበትም፤ በአቧራማ ራዲያተርና በመዳብ ቧንቧ ላይ ያለፈ ውሃ ነውና። አበባ ለማጠጣት፣ ወለል ለመወልወል፣ ለመጸዳጃ ቤት ግን ያገለግላል። ድሬ ላይ በዝናቡ ወራት ብዙ፣ በደረቁ ወራት ጥቂት ይሰጣል። እኔ ቤት ከቱቦው ሥር ባልዲ አለ፤ የጠዋቱን የማጣሪያ አቧራ መጀመሪያ የማለቀልቀው በዚያ ውሃ ነው።